የቀዘቀዘ አየር የታደሰ አየር ነው? ኃይል ሳያባክኑ ሕንፃን የማናፈስ ስሌት

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም መመሪያ ኃይል በመቆጠብ ላይ ብቻ አላቆመም። አባል አገሮች በሕንፃ ውስጥ የሚተነፈሰው አየር ሊያሟላ የሚገባውን ደረጃ እንዲደነግጉ ያዛል። ከመኖሪያ ቤት ውጪ ባሉ ዜሮ ልቀት ሕንፃዎች (እጅግ ጥቂት ኃይል በሚጠቀሙና ከቅሪተ አካል ነዳጅ በቦታቸው ካርቦን በማይለቁት) ላይም የአየሩን ጥራት የሚለኩና የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች እንዲገጠሙ ይጠይቃል። አገሮቹ መመሪያውን በየሕጋቸው የሚያካትቱበት ቀነ ገደብ ሜይ 29 ቀን 2026 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ሲነሣ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደመጣል። አንዱ ወገን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ስንጥቁን ሁሉ ድፈኑ ብሎ ሲያበቃ የውጭ አየር አስገቡ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል ይላል። ሌላው ወገን አየር ማቀዝቀዣ ከተገጠመ የአየር ነገር እንዳበቃ ይቆጥራል። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ የተለያዩ ሥራዎችን እንደ አንድ ሥራ ያያሉ።

አራት የሚምታቱ ሥራዎች

በአንድ ክፍል ውስጥ አየርን ማቀዝቀዝ ወይም ማሞቅ፣ ማንቀሳቀስ፣ ማጣራት እና ማደስ ይቻላል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማራገቢያ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ ላብ ቶሎ ስለሚተን ሰውነት ቅዝቃዜ ይሰማዋል እንጂ አየሩ ያው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና ሌላው አካሉ ከደጅ የሚቀመጠው የተለመደው አየር ማቀዝቀዣ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ እዚያው ይለቅቀዋል። ወደ ውጭ የሚወጡት ሁለቱ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚያመላልሱት አየር ሳይሆን የማቀዝቀዣውን ፈሳሽና ጋዝ ነው። ስለዚህ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ተብሎ በርና መስኮቱ የተዘጋ፣ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ክፍል በጣም ምቹ ሆኖ ሳለ በጣም የታፈነም ሊሆን ይችላል።

ማጣራት ብናኝን ይቀንሳል። ማደስ ግን ያረጀውን አየር አውጥቶ በምትኩ የውጭውን ማስገባት ነው። ማናፈስ የሚባለው በትክክል ይህ አራተኛው ነው፤ ኃይል የሚያስወጣውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የገባው አየር እንደ ወቅቱ መሞቅ፣ መቀዝቀዝ ወይም እርጥበቱ መቀነስ አለበት።

ግጭቱ ከየት መጣ

የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ የሕንፃ ባለቤቶችን በማሞቂያና በማቀዝቀዣ ወጪ አስደነገጠ። የውጭ አየርን መቀነስ ደግሞ ቀላሉ ቁጠባ ነበር። አሽሬ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በ1981 ባወጣው መስፈርት ማጨስ በማይፈቀድበት ቢሮ ለአንድ ሰው በሰከንድ 2.5 ሊትር የውጭ አየር ብቻ እንዲበቃ አደረገ። በዚያው አስርተ ዓመት ራስ ምታት፣ የዓይንና የጉሮሮ ማቃጠል፣ ድካም የሚሰማቸው፣ ከሕንፃው ሲወጡ ግን የሚሻላቸው ሠራተኞች ቅሬታ በየቦታው በዛ፤ ሁኔታው «የታመመ ሕንፃ ሕመም» የሚል ስም ተሰጠው። በ1989 ማኅበሩ የቢሮውን መጠን ወደ 10 ሊትር፣ ማለትም ወደ አራት እጥፍ መለሰው።

ከዚህ ታሪክ «ድፍን ሕንፃ መጥፎ ነው» የሚል ድምዳሜ የሚያወጡ ብዙዎች ናቸው። ድምዳሜው ግን አይከተልም። በስንጥቅ የሚገባ አየር መጠኑ የሚወሰነው በነፋስና በውጭው ቅዝቃዜ እንጂ በውስጥ ባሉት ሰዎች ብዛት አይደለም። ነፋሻና ብርዳማ በሆነ ሌሊት ባዶው ሕንፃ ከልክ በላይ ይናፈሳል፤ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን ሰው የሞላው አዳራሽ ይታፈናል። ስንጥቁን ደፍኖ አየሩን በታወቀ መንገድ ማስገባት ትክክለኛው አካሄድ ነው። ጉዳት የሚመጣው የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን በመተው ነው። በእድሳት ጊዜ መስኮቱ ተቀይሮ ማናፈሻው ሲረሳ ከገላ መታጠቢያ፣ ከምግብ ማብሰያና ከእስትንፋስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ የሆኑት የግድግዳ ማዕዘኖችና የመስኮት ዳርቻዎች ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታ ለመብቀል የሚንጠባጠብ ውኃ አያስፈልገውም፤ የግድግዳው ገጽ አጠገብ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ለቀናት 80 በመቶ አካባቢ መቆየቱ ይበቃዋል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚናገረውና የማይናገረው

የውጭ አየር በአሁኑ ጊዜ ካንድ ሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህ አሃድ ፒፒኤም ይባላል። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 የክፍል አየር ከ1,000 ፒፒኤም እንዳያልፍ ሐሳብ ሲያቀርብ ጋዙ በዚያ መጠን ይመርዛል ብሎ አልነበረም። ጋዙን የወሰደው ሰዎች ወደ አየሩ የሚለቁት ሌላው ነገር ምን ያህል እንደተጠራቀመ እንደሚያመለክት ምልክት አድርጎ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ጎልማሳ በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር የውጭ አየር ከገባ የክፍሉ መጠን ከውጭው በ500 ፒፒኤም ከፍ ብሎ 920 ላይ ይረጋል። 5 ሊትር ከሆነ 1,420 ይደርሳል። 2.5 ሊትር ከሆነ፣ በ1981 እንደተፈቀደው ማለት ነው፣ 2,400 ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከኮቪድ ጋር በተያያዘ ባወጣው የማናፈሻ መመሪያ ከመኖሪያ ቤትና ከሕክምና ተቋማት ውጪ ላሉ ቦታዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ያው 10 ሊትር ነው።

ፍጥነቱም ሊታሰብበት ይገባል። 180 ሜትር ኩብ ይዘት ባለው የተዘጋ የስብሰባ ክፍል 30 ሰው ቢቀመጥ የጋዙ መጠን በሰዓት 3,000 ፒፒኤም ያህል ይጨምራል። ከ420 ተነሥቶ 1,000ን ለማለፍ 12 ደቂቃ አይፈጅበትም። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት መስኮት ከፍቶ መዝጋት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የተገኘው ትርፍ ከሩብ ሰዓት በፊት ያልቃል።

ጋዙ በራሱ አእምሮን ያደክማል ወይስ አያደክምም የሚለው ገና የሚያከራክር ነው። በ2012 የታተመ ሙከራ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ክፍል ተለቅቆ በ1,000 እና በ2,500 ፒፒኤም የተሳታፊዎች ውሳኔ የመስጠት ውጤት ቀንሶ አግኝቷል። በ2018 የባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ላይ ተመሳሳይ ፈተና ሲደረግ ግን እስከ 15,000 ፒፒኤም ድረስ ልዩነት አልታየም። ሰርጓጆቹ ከሁኔታው ጋር የተላመዱና የሠለጠኑ መሆናቸው ለልዩነቱ አንድ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል። ለሕንፃ አስተዳዳሪ ግን ክርክሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ከፍ ያለ ቁጥር በቂ የውጭ አየር አለመግባቱን ማሳየቱ አያከራክርምና። ዝቅ ያለ ቁጥር በአንጻሩ አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሰው የሌለበት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ከተጣበቀ የእንጨት ብናኝ በተሠሩ ቁም ሣጥኖች የተሞላ ክፍል 420 ፒፒኤም እያሳየ ፎርማልዲሃይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ለ30 ደቂቃ ካስቀመጠው 0.1 ሚሊግራም በሜትር ኩብ በላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በማናፈስ ብቻ ማሸነፍ ውድ ነው፤ ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነ ቁስ ከመነሻው መምረጥ ይሻላል።

ሒሳቡ በኪሎዋት

አንድ ሜትር ኩብ አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.34 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ለ30 ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ማስገባት በሰዓት 1,080 ሜትር ኩብ ነው። ውጭው 0 ዲግሪ፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ አየሩን ለማሞቅ ብቻ 7.3 ኪሎዋት ያለማቋረጥ ይጠፋል። በሞቃትና እርጥብ አካባቢ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። 32 ዲግሪና 70 በመቶ እርጥበት ያለውን ያንኑ አየር ወደ 24 ዲግሪና 50 በመቶ ለማውረድ ሙቀቱን መቀነስ 3 ኪሎዋት ብቻ ሲወስድ፣ እርጥበቱን አጥልሎ ማውጣት 10 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል። እርጥበትን ትቶ ዲግሪን ብቻ የሚያይ ንድፍ በእንዲህ ያለ አየር ንብረት የሚከሽፈው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ማቀዝቀዣው ቴርሞስታቱን (ሙቀቱን እያየ ማሽኑን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ) አርክቶ ይቆማል፣ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛና ረጥቦ ይቀራል።

ሙቀት መላሽ የሚባለው መሣሪያ ይህን ኪሳራ ይቀንሳል። የሚወጣውና የሚገባው አየር ሳይቀላቀሉ በስስ ሳሕኖች መካከል በተቃራኒ አቅጣጫ ይተላለፋሉ፤ የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው ያስረክባል። በሚሽከረከር ጎማ መልክ የሚሠራም አለ። እርጥበትን ጭምር የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያለው ዓይነት ለእርጥብ አካባቢ ይመረጣል። መሣሪያው 80 በመቶ ቢመልስ ያ 7.3 ኪሎዋት ወደ 1.5 ይወርዳል።

ማራገቢያዎቹ ግን በነጻ አይሠሩም። ሁለቱ አንድ ላይ በሰከንድ ለሚያልፍ አንድ ሊትር 1.5 ዋት ቢወስዱ ለ300 ሊትር 450 ዋት ነው። 5.8 ኪሎዋት ለማዳን 0.45 ማውጣት ጥሩ ንግድ ነው። በውጭና በውስጥ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ግን የሚመለሰው ሙቀት 0.6 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም፤ ማራገቢያውም ያንኑ 450 ዋት ይበላል። ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ የአየር ጠባይ ባለበት ቦታ ሙቀት መላሽ መግዛት ብዙ ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው፤ በደንብ የታሰበባቸው መስኮቶችና ከፍ ያለ የአየር መውጫ የተሻለ ይሠራሉ። ኃይል ቆጣቢ የሚባል ዕቃ ሁሉ በሁሉም ቦታ ኃይል አይቆጥብም።

የማራገቢያ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ይያያዛል። የአየሩን መጠን ወደ 80 በመቶ ማውረድ ኃይሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግማሽ ማድረግ በቀመሩ መሠረት ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል፤ በተግባር የሞተሩ ብቃት ስለሚቀንስ ቁጠባው ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ትልቁ ትርፍ ያለው በሚያስፈልገው ጊዜ የሚያስፈልገውን ያህል ማስገባት ላይ ነው።

በተገጠመ ሥርዓት ላይ የሚበላሸው

በወረቀት ላይ 80 በመቶ የሚመልስ ሥርዓት ሕንፃው ውስጥ ገብቶ ግማሹን ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከአገጣጠሙና ከእንክብካቤው ይመጣል።

የመጀመሪያው የሚዛን ማጣት ነው። በሰከንድ 300 ሊትር እየወጣ የሚገባው 240 ከሆነ ቀሪው 60 ሊትር በበርና በስንጥቅ በኩል ሳይሞቅና ሳይጣራ ይገባል። ሚዛኑ ሥራ ሲጀመር በየአየር መግቢያውና መውጫው ላይ በመለኪያ ቆብ (ቀዳዳው ላይ ተደፍቶ የሚያልፈውን አየር በሚለካ መሣሪያ) ካልተስተካከለ በኋላ በራሱ አይስተካከልም። ሚዛኑ ተስተካክሎም ማጣሪያ ሲደፈን ይዛባል፤ የመግቢያው ማጣሪያ ከመውጫው ቀድሞ ስለሚቆሽሽ ሕንፃው ቀስ በቀስ አየር የሚስብ ይሆናል። በማጣሪያው ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳይ ርካሽ መለኪያ መግጠም በቀን መቁጠሪያ ከመቀየር ይሻላል፣ የአቧራው መጠን እንደየወቅቱ ይለያያልና።

ሁለተኛው የአየር ቱቦው ነው። ተጣጣፊው ቱቦ ሳይወጠር ተጨማድዶ ከተተወ ወይም ጣሪያ ውስጥ በሽቦ ታንቆ ከታሰረ ማራገቢያው ብዙ ኃይል እየወሰደ ትንሽ አየር ይገፋል። መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ደግሞ የታደሰው አየር ጣሪያውን ያናፍሳል።

የውጭ አየር መሳቢያው አቀማመጥም ብዙ ያበላሻል። ከመኪና ማቆሚያ በላይ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገብ ወይም ከራሱ ከሕንፃው የአየር መውጫ ጎን ከተቀመጠ ሥርዓቱ ጢስና ያረጀ አየር በትጋት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሙቀት መላሹ ውስጥ የሚጤዘው ውኃ የሚወርድበት ቱቦም ተዳፋት ሊኖረውና መታጠፊያው ውኃ ሊይዝ ይገባል፤ መታጠፊያው ሲደርቅ ማራገቢያው ከፍሳሽ መስመር ሽታ ይስባል፣ ውኃውም ወደ ታች መውረድ አቅቶት በማሽኑ ወለል ላይ ይጠራቀማል። በብርቱ ብርድ ሳሕኖቹ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ አንዳንድ ማሽን ይህን ለመከላከል የመግቢያውን ማራገቢያ ዝም ብሎ ያቆማል፣ ያን ጊዜ ሚዛኑ ጨርሶ ይጠፋል። ቀድሞ የሚያሞቅ ክፍል መጨመር ይሻላል።

ድምፅን መናቅ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። መኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ሥርዓት ይጠፋል፤ ነዋሪው ወይ ማጥፊያውን ይጫናል ወይ ቀዳዳውን በጨርቅ ይደፍነዋል። 30 ዴሲቤል ያለፈ የመኝታ ክፍል ማናፈሻ፣ ብቃቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ የማይሠራ ማናፈሻ ሆኖ ያበቃል።

ሴንሰር ሲያዝ

በፍላጎት የሚመራ ማናፈሻ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቁጥር እያየ የማራገቢያውን ፍጥነት ይለውጣል። በአንድ ቁጥር ላይ ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ ከ600 ፒፒኤም ጀምሮ ቀስ በቀስ ጨምሮ 1,000 ላይ ሙሉ አቅም እንዲደርስ ማድረግ የተረጋጋ ውጤት ይሰጣል። ሰው በማይኖርበት ጊዜ ወደ ዜሮ ማውረድ ግን አይገባም፤ የቤት ዕቃና የወለል ንጣፍ ሌሊትም ጋዝ ይለቃሉ። አሽሬ ለቢሮ ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል በሰከንድ 0.3 ሊትር፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው 2.5 ሊትር ደምሮ የሚያሰላው የሰዎቹና የሕንፃው ልቀት የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

ሴንሰሩ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ትክክለኛዎቹ ጋዙ የታወቀ የኢንፍራሬድ ጨረር ምን ያህል እንደሚውጥ ይለካሉ። በርካሽ የሚሸጡ ብዙዎቹ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጨርሶ አይለኩም፤ ሌሎች ጋዞችን አይተው ቁጥሩን ይገምታሉ፣ በአጠገባቸው ሽቶ ወይም አልኮል ሲረጭ ቁጥራቸው ያሻቅባል። ጥሩዎቹም ወጥመድ አላቸው። አብዛኞቹ በየሳምንቱ ገደማ ያዩትን ዝቅተኛ ቁጥር የውጭ አየር ነው ብለው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሌሊትም ሰው በማይለየው ሆስፒታል ወይም ማደሪያ ዝቅተኛው ቁጥር 700 ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰሩ እሱን 400 ብሎ ይመዘግበውና ከዚያ ወዲያ የሚያሳየው ሁሉ በ300 ያነሰ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቦታ ራስ ማስተካከያውን አጥፍቶ በዓመት አንድ ሁለቴ ደጅ አውጥቶ ማስተካከል ይገባል።

ማጣራት ማናፈስን ይተካል?

ኃይል ለመቆጠብ የውጭ አየርን ቀንሶ የውስጡን ማጣራት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ፒኤም 2.5 ለሚባለው፣ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ ብዙ ከተሞች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ውጭው በጢስ በተሞላ ቀን መስኮት መክፈት ማደስ አይባልም። በአየር የሚተላለፍ ተላላፊ በሽታን በተመለከተም ማጣሪያ የሚያወጣው አየር እንደ ንጹሕ አየር ሊቆጠር ይችላል። አሽሬ በ2023 ያወጣው 241 የተባለው መስፈርት የውጭ አየሩን፣ የተጣራውንና በአልትራቫዮሌት የታከመውን ደምሮ «ተመጣጣኝ ንጹሕ አየር» በሚል በአንድ የሚቆጥረው በዚህ አስተሳሰብ ነው።

ሆኖም ማጣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም እርጥበትንም አይነካም፤ ተራው የብናኝ ማጣሪያ ፎርማልዲሃይድንም ያሳልፋል። ስለዚህ ማጣራት የማናፈስ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም። መርቭ 13 የሚባለው ደረጃ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ ቢያንስ ግማሹን፣ ከ1 እስከ 3 የሆነውን 85 በመቶውን ይይዛል። ለብዙ ሕንፃ ይህ ምክንያታዊ ምርጫ ነው፣ የቆየ ማራገቢያ ተጨማሪውን ግፊት መቋቋሙ አስቀድሞ ከተረጋገጠ። በማጣሪያውና በክፈፉ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ካለች አየሩ በዚያ ስለሚያልፍ ደረጃው ትርጉም ያጣል። ኦዞን የሚያመነጩ «አየር አጽጂዎች» ግን መገዛት የለባቸውም፤ ኦዞን ሳንባን ይጎዳል።

ነዳጅ የሚነድበት ቤት

አየር ማውጫ ብቻ ተገጥሞ መግቢያ ያልተዘጋጀለት ድፍን ቤት አንድ ከባድ አደጋ አለው። ኃይለኛ የኩሽና ወይም የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ሲበራ በቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ጥቂት ፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይወርዳል። በጋዝ፣ በከሰል ወይም በእንጨት የሚሠራ ምድጃና ውኃ ማሞቂያ ጢሱን በጭስ ማውጫ የሚያወጣበት ኃይልም እንዲሁ ጥቂት ፓስካል ነው፤ አንድ ሜትር የጭስ ማውጫ ቁመት በየዲግሪው የሙቀት ልዩነት የሚሰጠው 0.04 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ማራገቢያው ካሸነፈ ጢሱ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮት ይገባል። እንዲህ ያለ ምድጃ ባለበት ቤት ስንጥቅ ከመደፈኑ በፊት ለምድጃው የራሱ የአየር መግቢያ መዘጋጀት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም መገጠም አለበት። መኝታ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ በየትኛውም የማናፈሻ ዘዴ አይስተካከልም።

አንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚችል መለካት

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጊዜ የሚመዘግብ አንድ የኢንፍራሬድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይበቃል። ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ከቆየ በኋላ ሁሉም ሲወጣ በርና መስኮቱ እንደ ዘወትሩ ሆኖ፣ ማናፈሻው እየሠራ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ይመዘገባል። መለኪያው በር ወይም መስኮት አጠገብ ሳይሆን ወደ ክፍሉ መሐል፣ ከወለል ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ከመነሻውም ከመጨረሻውም ቁጥር የውጭው 420 ይቀነሳል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል፣ ከዚያም በሰዓት ለተቆጠረው ጊዜ ይካፈላል።

ለምሳሌ ከ1,600 ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት 800 ከደረሰ 1,180 ለ380 ሲካፈል 3.1፣ ሎጋሪዝሙ 1.13፣ ለ0.5 ሰዓት ሲካፈል 2.3 ይሆናል። የክፍሉ አየር በሰዓት 2.3 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ክፍሉ 180 ሜትር ኩብ ከሆነ በሰዓት ወደ 410 ሜትር ኩብ፣ በሰከንድ 114 ሊትር ያህል ይገባዋል። ለአንድ ሰው 10 ሊትር ተብሎ ሲሰላ ክፍሉ የሚችለው 11 ሰው ነው። በሩ ላይ 30 የሚል ከተለጠፈ ወይ ቁጥሩ ወይ ማናፈሻው መለወጥ አለበት። ልኬቱ ነፋስ በሌለበት ቀንና በነፋሻ ቀን ቢደገም፣ የመስኮት ማናፈሻ ባለበት ክፍል ሁለቱ ውጤቶች ሦስት አራት እጥፍ ቢለያዩ አይገርምም፤ ለውሳኔ የሚያዘው ዝቅተኛው ነው።